ማሽን ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ኦፕሬተሮችን መምራት ይችላል ወይ?

ጥያቄው የተነሳው የመንገድ ሥራ ሰዎች በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው፤ የመጣውም ጎጃም ውስጥ በቢቸና በኩል የጠጠር መንገድ ከሚሠራበት ሳይት ነው። ጠያቂው ወጣት ነው። በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂ ተመርቆ ጥቂት ጊዜ ቢሮ ሠራ፤ ከዚያ የማሽነሪ ሱፐርቫይዘር ተብሎ ሳይት ወረደ። በእሱ ሥር አፈር የሚገፋ ዶዘር፣ መሬት የሚያስተካክል ግሬደር፣ የሚቆፍር ኤክስካቫተር፣ የሚጭን ሎደር፣ የሚጠቀጥቅ ሮለር፣ የውሃ ቦቴና ገልባጮች አሉ። ከብረቱ ይልቅ ሰዎቹ ከብደውታል። የዶዘሩ ኦፕሬተር በአባቱ ዕድሜ ነው። ጠዋት ሥራ ሲነገረው ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ሄዶ የመሰለውን ይሠራል። ሲጠየቅ ማሽኑ የታዘዘውን እንደማይችል ይናገራል። ልጁ ደግሞ ይቻል አይቻል የሚያጣራበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ጠየቀ። ሌቨር፣ ማለትም የማሽን መቆጣጠሪያ ዘንግ፣ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ኦፕሬተሮችን መምራት ይገባዋል ወይ? ወይስ ቦታውን ለሚያውቀው ትቶ ወደ ቢሮው ይመለስ?

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብዙዎቻችን አይተን እናልፈው ነበር። ከታች ግን አንድ አንቀጽ ጨምሯል። ባለፈው ሳምንት ሮለሩ ወደ ኋላ ሲመለስ አንዲት ድንጋይ ለቃሚ የቀን ሠራተኛ ለጥቂት ተርፋለች። ልጁ እጁን አንስቶ ጮኸ። ኦፕሬተሩ አየው፤ ግን አልቆመም። ልጅቷ ራሷ ዘልላ ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌለው ጽፏል።

እኔ በዚህ ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተጻፉትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች ተከታትያለሁ፤ መሐል ላይም ጽፌያለሁ። ለአዲስ ሱፐርቫይዘር የሚጠቅም ብዙ ነገር ስለወጣበት በራሴ አነጋገር ላስተላልፈው።

1ኛው መልስ ከደብረ ማርቆስ ነው። ጸሐፊው በድሮው አውራ ጎዳና ዘመን በአለምገና ማሠልጠኛ ሠልጥነው ዕድሜያቸውን በዶዘርና በግሬደር ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። አነጋገራቸው የአባት ነው። ልጁን ስለ ድፍረቱ አመስግነው፣ ማሽን መንዳት ባይችልም ማሽን ማየት መቻል እንዳለበት ይመክሩታል። ገበሬ በሬውን ከመጥመዱ በፊት ጫንቃውን እንደሚዳስሰው ሁሉ፣ ሱፐርቫይዘርም ሞተር ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን መዞር አለበት ይላሉ። ዝርዝሩን አልሰሰቱም። መጀመሪያ ማሽኑ ያደረበትን መሬት ማየት፤ ዘይት ጠብ ያለበት ቦታ ካለ ሌሊቱን ያፈሰሰ ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የሞተር ዘይቱን በመለኪያው ማውጣት፣ የካቴናውን (ማሽኑ የሚሄድበትን የብረት ሰንሰለት) ውጥረትና የላሉ ቡሎኖችን መፈለግ፣ የሃይድሮሊክ ጎማ ቱቦዎች የተላጡ መሆን አለመሆናቸውን ማየት። የራዲያተር ክዳን ሞተሩ በሞቀበት ሰዓት ፈጽሞ አይከፈትም። ማታ ደግሞ ጠንክሮ የዋለ ሞተር በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ቱርቦው እንዲበርድ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያለ ጭነት ይሠራል። ይህን ሁሉ ከረዳቱ ጋር አብሮ የሚያደርግ፣ የግሪስ ፓምፑንም ራሱ የሚይዝ ሱፐርቫይዘር ኦፕሬተሩ በሌላ ዓይን እንደሚያየው አባታችን አይጠራጠሩም።

አንድ ነገር አክለዋል። የዶዘሩን ኦፕሬተር በስሙ ብቻ እንዳይጠራው፤ አያ ወይም ጋሼ ብሎ እንዲጠራው። ትዕዛዙንም ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን ጠዋት ቡና ላይ፣ ለብቻው እንዲነግረው። ይህን ምክር ትንሽ ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ ካለ ጎጃም ውስጥ ሰው አልመራም ማለት ነው።

2ኛው አጭር ነው። ከመራዊ የጻፈ ሲሆን በቆጋ መስኖ ቦዮች ጥገና ላይ እንደሠራ ይናገራል። 7,000 ሄክታር የሚያጠጣ ቦይ ላይ ኤክስካቫተር ሲሠራ ተዳፋቱን የሚያስተካክለው የኦፕሬተሩ እጅ ብቻ እንዳልሆነና ከታች ቆሞ ልኩን የሚያሳየው ሰው እኩል ድርሻ እንዳለው ይጠቅሳል። ከ1ኛው ጋር ይስማማል።

3ኛው አልተስማማም። የግሬደር ኦፕሬተር ነው፤ የሚሠራው በደጀንና በሸበል በረንታ በኩል ነው። ግሬደር በወንበር በኩል የሚሰማ ማሽን ስለሆነ ተቀምጦበት የማያውቅ ሰው ሊያዘው እንደማይችል አጥብቆ ይከራከራል። ብሌዱ (አፈር የሚቆርጠው ስለት) ድንጋይ ሲነካ፣ አፈሩ ውሃ ሲያንሰው፣ ቁልቁለቱ ሲዛባ መጀመሪያ የሚያውቀው የኦፕሬተሩ ወገብ ነው። ከዚያ የደረሰበትን ይተርካል። ቦታው መረሬ፣ ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ነው። ሌሊት ዘንቦ አደረ። ሱፐርቫይዘሩ ግን ቀኑ አለቀብኝ ብሎ ጠዋት ሮለር አስገባ። ላይ ላዩ የደረቀ ይመስል ነበር። ሮለሩ ተውጦ ቀረ፤ ሊያወጣው የገባው ዶዘርም መሬቱን አቡክቶ የተሠራውን ሁሉ አበላሸው። ጥፋቱ በሪፖርት ላይ የተጻፈው በኦፕሬተሩ ስም ነው።

የዚህ ሰው ቁጣ ይገባኛል። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። መንገድ ሲሠራበት አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ ይወጣና በተመረጠ አፈር ይተካል። የሚተካውም እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ንብብር እየተነጠፈ፣ በልኩ ውሃ እየተረጨ፣ እየተጠቀጠቀ ነው። ውሃው ካነሰ አይጠቀጠቅም፣ ከበዛም አይጠቀጠቅም። ይህን ማወቅ ሌቨር መያዝን አይጠይቅም፤ አፈሩን ጎንበስ ብሎ በእጅ መጨበጥን ይጠይቃል። ስለዚህ 3ኛው ሰው የተናገረው ታሪክ የራሱን ክርክር አይደግፍለትም። ያ ሱፐርቫይዘር የጎደለው ግሬደር መንዳት አልነበረም። አፈር ማየትና የሚያውቁትን መጠየቅ ነበር።

4ኛው መልስ ሰዎቹ የማይታዘዙት ድካም ስላለባቸው ሊሆን እንደሚችል ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦፕሬተሮቹ ስንት ሰዓት ይሠራሉ? ትርፍ ሰዓት ይከፈላቸዋል? ሕጉ ትርፍ ሰዓትን በ1.25 አባዝቶ እንዲከፈል እንደሚያዝም ጨመረ። 5ኛው አክብሮ አረመው። 1.25 የድሮው የአዋጅ ቁጥር 377/1996 ስሌት ነው። አሁን ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሥራ 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ያደርገዋል። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፉ ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ስንቱ ሳይት ይህን ያከብራል የሚለውን 5ኛው ሰው አልነካውም። እኔ ግን ያየሁትን እናገራለሁ። የበጋው ወራት ሲያልቅ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይቀድመን ተብሎ ኦፕሬተር ከንጋት እስከ ማታ ወንበር ላይ የሚውልባቸው ሳይቶች ብዙ ናቸው። እንዲህ የደከመ ሰው እጅ ተነስቶ ቢያይም አእምሮው ዘግይቶ ነው የሚነግረው።

ከ6ኛው ጀምሮ ነገሩ ከረረ። የኪራይ ማሽን ላይ የሚሠራ ኦፕሬተር ነው። ማሽኑ የሚከፈለው በሰዓት ስለሆነ የሱፐርቫይዘር ሥራ ታይም ሺት (የሥራ ሰዓት ቅጽ) መፈረም ብቻ መሆኑን፣ አንዳንዱም ለፊርማው ድርሻ እንደሚፈልግ ይከሳል። ተመራቂዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስልክ ሲነካኩ እንደሚውሉም ጨምሯል። 7ኛው ተመራቂ ነው፤ በዚያው ልክ መለሰ። ኦፕሬተር ሁሉ ናፍጣ በጀሪካን እየቀዳ ለመንደር እንደሚሸጥ ጻፈ። 8ኛው የ6ኛውን ወገን ይዞ ተሳደበ። 9ኛው በአስተባባሪው ተሰርዟል። 10ኛው ከሁለቱም ወገን ያሉት እንዲህ የሚነጋገሩት ሳይት ላይም ከሆነ ልጅቷን ሮለር ሊበላት የቀረበው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ተናግሮ ወጣ። እውነቱን ነው።

ክሩን ያበረደችው በ11ኛው ላይ የጻፈች ሴት ናት። ታይም ኪፐር፣ የሥራ ሰዓት መዝጋቢ፣ ናት፤ ፍኖተ ሰላም አካባቢ። ማንንም ሌባ ሳትል ሂሳቡን ዘረጋችው። ማሽኑ ላይ ያለው ሰዓት ቆጣሪ የሚቆጥረው ሞተሩ የተነሳበትን ጊዜ ነው እንጂ የሠራበትን አይደለም። ዛፍ ሥር ቆሞ የሚያጓራ ዶዘርም ሰዓት ይቆጥራል። ስለዚህ ቆጣሪውን ብቻ አይቶ የሚፈርም ይታለላል። ናፍጣውን ብቻ አይቶ የሚከስስ ደግሞ ንጹሕ ሰው ይበድላል። እሷ ሦስት ነገር አጠገብ ለአጠገብ ትጽፋለች፤ ጠዋትና ማታ የቆጣሪውን ንባብ፣ የተቀዳውን ናፍጣ፣ የተሠራውን ሥራ። ዲ-8 ዓይነት ትልቅ ዶዘር በመካከለኛ ሥራ በሰዓት ከ30 ሊትር በላይ ናፍጣ ይፈልጋል። 10 ሰዓት ተፈርሞ ከታንከሩ የጎደለው 150 ሊትር ከሆነ ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነበር፤ ወይም ሰዓቱ ተጨምሯል። 10 ሰዓት ተፈርሞ 500 ሊትር ከጎደለ ደግሞ ወይ አለት ሲሰብር ውሏል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለው፣ ወይ ተቀድቷል። የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ የተሠራው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚጠየቀው፤ ያውም ለብቻው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ ሴትዮዋ ሥራ አክብሮት አደረብኝ። ሳይት ላይ ከታይም ኪፐር የበለጠ እውነቱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው። 6ኛው ሰው ተመልሶ በ12ኛው ላይ ጽፏል፤ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ነገር ግን የእሷን መዝገብ የመሰለ በሳይቱ ቢኖር ማንም ስሙን እንደማያጠፋበት ተናግሯል።

ከዚያ ወሬው ዓባይ በረሃ ገባ። 13ኛው ሰው ዶዘር በሎቤድ (ማሽን በሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ) ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስላሻገረበት ጊዜ ያወራል። ወንዙ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በከባድ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝ እየተደረገ ይወረዳል፤ ፍሬን ብቻ የተማመነ ፍሬኑ ጋሎ ወንዙ ሳይደርስ ያልቅበታል። በየመሐሉ ቆሞ ጎማውንም ሰንሰለቱንም መዳሰስ ያስፈልጋል። በጨዋታው መሐል አዲሱን የዓባይ ድልድይ ቻይኖች እንደሠሩት ተናገረ። 14ኛው አረመው፤ በደጀን መንገድ ላይ ያለው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ በጃፓን ተቋራጭ ተሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የተከፈተ ነው። 13ኛው የተሳሳተው የባሕር ዳሩን ይዞ ሳይሆን አይቀርም፤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው የባሕር ዳሩ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ እሱን የሠራው የቻይና ተቋራጭ ነው።

ከርዕስ ወጣ የተባለው ይኼ ጨዋታ በ15ኛው መልስ ወደ ቁምነገሩ ተመለሰ። ጸሐፊው በዚያው ገደል መንሸራተት ያፈረሰውን መንገድ ሲጠርግ የነበረ የሎደር ኦፕሬተር ነው። ልምድ የሌለው አለቃ ሁልጊዜ የሚያዘው መንገድ ላይ የወደቀውን አፈር ከተንሸራተተው ክምር እግር ሥር ቶሎ እንዲያነሱለት ነው። ያ እግር ግን ላይ ያለውን የያዘው ነው። ከታች በተነሳ ቁጥር ከላይ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሎደሩ ላይ ይመጣል። እሱ የሚያውቀው ጥሩ ሱፐርቫይዘር መጀመሪያ ማሽን አላስገባም። ሽቅብ ወጥቶ መሬቱ የተሰነጠቀበትን ፈለገ፤ ውሃው ከየት እንደሚገባ አየ፤ ውሃው በቦይ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲሄድ አደረገ። ከላይ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ አስነሳ። አንድ ሰው ደግሞ ገደሉን ብቻ እያየ እንዲቆም አደረገ፤ ድንጋይ መንከባለል ከጀመረ ሁሉም እንዲወጣ። ያ ሰው ሎደር መንዳት አይችልም ነበር። ኦፕሬተሮቹ ግን ቁም ሲላቸው ይቆሙ ነበር።

16ኛው ሌላ ሰው ነው፤ ኦፕሬተርም መሐንዲስም አይደለም። የገበሬ ልጅ መሆኑን አስቀድሞ ተናገረ። ለሁላችንም የከበደ ነገር ጻፈ። መንገድ ሠሪዎች ስለ ማሽንና ስለ ደመወዝ ሲከራከሩ ማሳው የማን እንደሆነ እንደሚረሱ ነው። የአባቱ ጤፍ ኅዳር ላይ ሊታጨድ ሲል ገልባጮቹ በአቋራጭ ገቡበት። ውሃ ቦቴው ስላልረጨ አቧራው የቀረውን አለበሰው። መንገዱ ካለቀ በኋላ ደግሞ የጎርፍ መውጫው በቀጥታ ወደ ማሳቸው ተለቀቀ፤ ከሁለት ክረምት በኋላ እርሻው መሐል ሰው የሚውጥ ቦረቦር ተፈጠረ። ግሬደሩ ያንን መውጫ የቆረጠው በአንድ ከሰዓት ነው። ማን እንዳዘዘው ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሰውየው የጻፈው በቁጣ ነው፤ የሚያስቆጣም ነው። ውሃ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ የሱፐርቫይዘሩ ነው፤ ኦፕሬተሩ ያሳዩትን ይቆርጣል።

17ኛው ሊያጽናናው ሞከረ፤ ግን ወዲያው የአካባቢው ሰው በበዓላት ብዛት ሥራ እንደሚያስተጓጉል ማማረር ጀመረ። 18ኛው ልክ አስገባው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር የጎጃም ገበሬ ሞፈር እንደማይነካ እያወቀ ለእነዚያ ቀናት የቀን ሠራተኛ የሚያቅድ ሱፐርቫይዘር ራሱን ይውቀስ። እነዚህን ቀናት ለሰርቪስ ማዋል ይቻላል። የ250 ሰዓቱን የዘይት ለውጥ፣ የፊልትሩን፣ የብየዳውን ሥራ መካኒኮቹ ያን ቀን ይጨርሱታል። በሁዳዴ ደግሞ ብዙ ኦፕሬተር እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ይሠራል። ስለዚህ ገደል አፍ ላይ ያለውን፣ ኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለውን፣ ሰው የሚበዛበትን ሥራ ጠዋት ላይ አድርጎ ከሰዓቱን ለቀላሉ መተው ይሻላል። ይህ ለሃይማኖት ማዳላት አይደለም። የሰውን ጉልበት ማወቅ ነው።

19ኛው የእኔ ነው። የተነሳው ጥያቄ ሌቨር ስለ መያዝ ቢመስልም እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ልጁ እጁን አነሳ፤ ሮለሩ አልቆመም። ሱፐርቫይዘር ሱፐርቫይዘር የሚሆነው ቁም ሲል የሚቆምለት ቀን ነው። ብሌዱ ምን ያህል ዝቅ ይበል የሚለውን ለኦፕሬተሩ መተው ይቻላል፤ መተውም አለበት። ማሽኑ የት ይሠራል፣ ማን አጠገቡ ይቆማል፣ መቼ ይቆማል የሚለው ግን ለማንም አይተውም። ይህን ለማድረግ መንዳት አይጠየቅም።

እንዴት ለሚለው ያየሁትን ጻፍኩለት። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ራሱ የሮለሩ ወንበር ላይ ይውጣ። አንድ ሰው ከኋላ በቀስታ ይዙር። ከዓይኑ የሚሰወርበት ቦታ ላይ ሲደርስ መሬቱ በኖራ ይሰመር። ሰርቬየሩ (መሬት ቀያሹ) ኖራ አያጣም። ከዚያ ኦፕሬተሩ ወርዶ መስመሩን ከመሬት ይየው፤ ድንጋይ ለቃሚዎቹም፣ ባንዲራ ያዦቹም፣ የገልባጭ ረዳቶቹም ይዩት። ስንት ሰው በዚያ መስመር ውስጥ ተጎንብሶ እንደሚሠራ ያን ጊዜ ይታያል። ለዶዘሩም ለሎደሩም እንዲሁ ይደረግ። ብዙ ዓመት የነዳ ሰው እንኳ ኖራውን ሲያይ ዝም ይላል፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የማይታየው ነገር መኖሩን ያውቃል እንጂ ስፋቱን አይቶ አያውቅም። በዚያው ቦታ የማቆሚያ ምልክቱ ይስማሙበት። ሥራ የሚያሳየው ሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ ቁም የሚለውን ምልክት ግን ማንም ሊያሳይ ይችላል፤ ውሃ የምታቀብለዋም ብትሆን። ይህ ከተነገረ በኋላ ያልቆመ ኦፕሬተር በማግስቱ ጠዋት ቁልፍ አይሰጠውም። ስድብ የለም፣ ለሪፖርት መሮጥ የለም። ምክንያቱ ለብቻው በአክብሮት ይነገረዋል፤ ቁልፉ ግን አይሰጠውም።

20ኛው አጭር ጽፎ ረጅም ዝምታ ፈጠረ። የገልባጭ ሹፌር ነበር። ካባ (ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ) ላይ በምሳ ሰዓት የአንድ መኪና ረዳት ፀሐዩ ስለበዛበት መኪናው ሥር ጥላ ላይ ተኝቶ ነበር። ሹፌሩ በልቶ መጣ፣ ተሳፈረ፣ አስነሳ። የዚያ ልጅ እናት አስከሬን ለመውሰድ የመጣችበትን ቀን ሊረሳው እንዳልቻለ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም መኪና ሳይዞርና ጥሩምባ ሳይነፋ አያስነሳም። ከእሱ ቀጥሎ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልጻፈም። ይህ ነገር በብዙ ሳይት ይደረጋል። በጎጃም በጋ ካባ ላይ ዛፍ የለም፤ ለሠራተኛ ዳስ ካልተሠራለት ጥላ የሚገኘው ከማሽን ሥር ብቻ ነው። ዳስ መሥራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እንጨትና ሸራ ይበቃዋል። ሱፐርቫይዘሩ ይህን ከማሽኑ እኩል ሊያስብበት ይገባል።

21ኛው ወደ ሮለሩ መለሰን። መካኒክ ነው። ልጁ ሄዶ የሮለሩን የሪቨርስ ድምፅ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸውን፣ እንዲያዳምጥ መከረው። ኦፕሬተሮች ጩኸቱ ስለሚያሰለቻቸው ሽቦውን ይነቅሉታል፤ እሱ ራሱ በየሳይቱ ስንቱን እንደገጠመ ያውቃል። ኤክስካቫተር ካለውም ከመንገዱ ዳር የሚሄደውን የመብራት መስመር አስቀድሞ ይይ። በገጠሩ የሚያልፈው መስመር 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ነው፤ ቡሙ (የኤክስካቫተሩ ረጅም ክንድ) ቢያንስ 3 ሜትር ሊርቀው ይገባል፤ ባይነካውም ኤሌክትሪኩ ይዘላል።

22ኛው ሰው ግን ሁላችንንም በአንድ ጥያቄ ያዘን። ማቆም ጥሩ ነው፤ ማሽን ሲቆም ግን ገንዘብ ይቆማል። ልጁ ሥራ ቢያስቆም ፕሮጀክት ማናጀሩ እሱን አያባርረውም? እኛ ርቀን ተቀምጠን ጀግና ልናደርገው ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ ያለኝን መለስኩ። ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሮለር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታይም ኪፐሯ በወረቀት ልታሳየው ትችላለች፤ አደጋ የደረሰበት ሳይት ግን ለምርመራ ስንት ቀን እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል። ማናጀር የሚሰማው ቋንቋ ይህ ከሆነ በዚህ ይነገረው። በጽሑፍም ይሁን፤ ቀንና ሰዓት ያለው አጭር ማስታወሻ፣ ቅጂው በእጁ። 5ኛው ሰውም ተመልሶ አንድ ነገር አከለልኝ። ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሳውቆ አሠሪው እርምጃ ሳይወስድ ከቀረ፣ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ አዋጁ ይፈቅድለታል። ይህ ሁሉ የልጁን እንጀራ ዋስትና እንደማይሰጥ አውቃለሁ። የ22ኛው ሰው ስጋት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ዝም ብሎ ማየቱ ግን ከዚያ የባሰ ነው፤ በዚህ ላይ አቋሜ አይለወጥም።

24ኛውና 25ኛው ስለ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናና ለከባድ መሣሪያ ስለሚሰጠው መንጃ ፈቃድ ነበሩ፤ አስተባባሪው ለብቻ ክር እንዲከፈትላቸው አደረገ። 26ኛው በጸጥታው ችግር ሳይቱ ቆሞ ቤቱ የተቀመጠ ኦፕሬተር ነው፤ የትም ይሁን ሥራ ካለ እንዲነገረው ጠየቀ። ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር እንዲጽፍላቸው ነገሩት። ፖለቲካ ሊከተል ሲል ተዘጋ፤ ደግ አደረጉ።

ልጁ በ29ኛው ላይ ተመለሰ። ድንጋይ ለቃሚዎቹን ሮለሩ ከሚሠራበት ርቆ ወዳለው ክፍል አዛውሯቸዋል። የሪቨርስ ድምፁ እንደተባለው ሽቦው ተነቅሎ ነው የተገኘው፤ መካኒኩ ገጥሞታል። የሮለሩ ኦፕሬተር ኖራውን ለማየት ገና እሺ አላለም። የዶዘሩ ኦፕሬተር ግን፣ ያ የማይታዘዘው ጋሼ፣ ሳይጠየቅ ወርዶ ቆሞ አይቷል። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ክረምቱ ስለቀረበ ማናጀሩ ሌሊት ሽፍት እንዲጀመር አዝዟል። ምን ላድርግ አለ።

1ኛው አባታችን በሌሊት ዶዘር ገደል አፍ ላይ እንዳይሠራ ብቻ ተናግረው አለፉ። እኔ የጻፍኩለት ይህን ነው። በሌሊት የእግረኛ ሠራተኛ ቁጥር ይቀነስ፤ ድንጋይ ለቀማም የቱቦ ሥራም ለቀን ይቅር። መብራቱ ከማሽኑ የሚመጣው ብቻ አይበቃም፤ ከጎን ከፍ ብሎ የሚቆም መብራት ያስፈልጋል፤ ኦፕሬተሩን ፊት ለፊት እንዳይወጋውም አቅጣጫው ይታይ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ያልለበሰ ሰው ሳይት አይግባ። ቀን የሠራ ኦፕሬተር ሌሊት አይደገምበት። እንቅልፍ የሚከብደው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ስለሆነ በዚያ መሐል አንድ ጊዜ ሁሉም ማሽን ይቁም፤ ሰዎቹ ይውረዱ፣ ሻይ ይጠጡ፣ ትንሽ ይራመዱ። ሌሊት ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጠዋት መረሬው ላይ ማሽን ከመግባቱ በፊት የግሬደሩን ኦፕሬተር ይዞ በእግሩ ይሂድበት።